አንድ ጣት

ሻርጃ፣ ሰናዒያ አምስት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
ብረቱ አልበረደም፣ ገና ያቃጥላል ቀን የጠጣው እሳት።
ዑበይድ መጣልኝ፣ ፒክአፑን እንደ እባብ መሬት እያስላሰ፣
በሩ ጉብታ ላይ ሆዱ ተፈግፍጎ ብልጭታ አፈሰሰ።

እኔ ሞጆ ሳለሁ የምናውቀው ሥራ ከፍ ማድረግ ነበር፤
አይሱዙ ሲጎብጥ፣ ባለስትራ ደርበን፣ ሽንኩርት እንዲሻገር።
እዚህ ጭነት የለም።
ባዶውን መኪና ለማጎንበስ ይከፍላሉ፣
"እንዲህ ነው ውበቱ" ይላሉ።
መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ወደድኩት፤
ዝቅ ያለ መኪና ቀስ ብሎ ይሄዳል፣
ጉድጓዱን ከሩቅ ያያል።

ከኋላ ጭኖታል አራት አዲስ ቸርኬ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣
ሃያ አራት ኢንች፣ ኦፍሴቱ ኔጌቲቭ አርባ አራት፤
"ግጠም" አለኝ ቸኩሎ።
ገልብጬ አየሁት። ፊቱን አይቶ የሚገዛ ብዙ ነው፤
የቸርኬ ፊቱ የመንገደኛ፣ ጀርባው የጎሚስታ ነው።

"ኦፍሴት ምንድን ነው?" አለኝ፤ ገዝቶታል፣ አያውቀውም።
በኖራ ሳልኩለት መሬት ላይ፤ አረብኛዬ አልሞላልኝም፦
ይሄ የጎማው ወርድ። ይሄ ልክ መሐሉ።
ይሄ ሞዞው ላይ የሚያርፈው ገጽ፣ ቡሎኖች ያሉበት ሁሉ።
ገጹ ከመሐሉ ወደ ውጭ ከመጣ፣ ፖዘቲቭ፤ ጎማው ይሰበሰባል፤
ወደ ውስጥ ከሸሸ፣ ኔጌቲቭ፤ ጎማው ከፓራፋንጎው አልፎ ይወጣል።
ከፍ ያለ መኪና ይምርሃል።
ዝቅ ያለው አይምርም፦
ቢወጣ፣ ሲነጥር ፓራፋንጎው ይልጠዋል፤
አለቅጥ ቢሰበሰብ፣ መሪ ሲዞር፣ የውስጡን ክንድ ይልሰዋል።

"ውስጥ ከነካ ስፔሰር እናስገባለታ!" አለ ቢጁ ከጀርባ።
ዝም አልኩ።
ስፔሰርን አውቃለሁ።
የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ቶርኖ ቤት አስቀርጬ ሠላሳ ሚሊ ብረት፣
ለአለቤ አይሱዙ፣ በሁለት መቶ ብር፣ ገጠምኩለት።
በሦስተኛው ቀን፣ ቁልቁለቱ መሐል፣ ቡሎኑ ተበጠሰ፤
ጎማው ብቻውን ቀድሞ ሄደ፣ የሰው ጤፍ ማሳ ደረሰ።
ሰው አልሞተም።
ሽንኩርቱ ግን አስፋልቱን ሞላው።
አለቤ አልሰደበኝም፤
ጎንበስ ብሎ አንዱን ሽንኩርት አነሳና ሰጠኝ።
ከስድብ እሱ ባሰኝ።

"ስፔሰር የለም" አልኩት ቢጁን።

ክሪክ ከሥሩ አይገባም፤ መጀመሪያ ሳንቃ ላይ አወጣሁት።
ሞላውን ፈታሁ፣ ሞዞውን ወደ ላይ፣ እስከሚሄድበት ሰቀልኩት።
ቀጥ ያለ እንጨት አጋደምኩ፣ በሜትር ለካሁ፣
መሪ ግራ ሙሉ፣ መሪ ቀኝ ሙሉ።
ቁጥሩን ክንዴ ላይ ጻፍኩት፤
ላቤ አጠፋው።
ደግሜ ለካሁ።
"ሃያ ሁለት ኢንች። ወርዱ ዘጠኝ። ፖዘቲቭ ሃያ አምስት።"
ፊቱ ጠቆረ። "ጓደኞቼ ይስቁብኛል።"
"ይሳቁ፤ ሳቅ ጎማ አይቀድም።"

ሄደ።
አይመለስም አለ ቢጁ፤ እኔም ልቤ እንደዚያ አለኝ።
በአራተኛው ቀን መጣ፣ ለውጦ፤ ሻጩ ሦስት መቶ ድርሃም ቆርጦበት፣
አፉን አኩርፎ፣ ዓይኑ ግን አዲሶቹ ላይ ቀርቶበት።

ገጠምነው። ቡሎኑን ዙሪያውን ሳይሆን
ፊት ለፊት፣ በአንጻሩ፣ ተራ በተራ አጠበቅሁ።
መሪውን ጨርሶ አዞረ፣ ጉብታው ላይ ወጣ።
ቢጁ ኮምፕረሰሩን አጠፋ፣
የሰፈሩ ድመት ሳይቀር የሰማ መሰለኝ።
ምንም የለም።
ወረደ ከጉብታው። አሁንም ምንም።

ተንበርክኬ በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ጣቴን ሰደድኩ፤
ባንዱ ጎን ላስቲክ፣ ባንዱ ጎን ቆርቆሮ፣
ገባ፣ ወጣ፤
አንዱም አልነካኝ።

ዑበይድም ነጭ ልብሱን ሰብስቦ ቁጢጥ አለ፣ ሞከረ።
የብር ቀለበቱ ያዘው።
አየኝ፤
አውልቆ ደገመው።